ነጭ ሜታል ፕላስቲክ አይደለም፤ በሞዴል አውሮፕላን ሥራ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከነጭ ሜታል የተሠራ፣ ቀለሙ የተላጠ የሞዴል አውሮፕላን ማረፊያ እግር ይዞ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ ነው፤ የትኛው ዓይነት ይሻላል፣ ስንት ጊዜ ይደረባል ይለኛል። እኔ ግን አስቀድሜ «ብረቱን አጥበኸዋል?» እለዋለሁ። መልሱን ከፊቱ አነበዋለሁ።

ነጭ ሜታል በአብዛኛው የቆርቆሮ፣ የእርሳስና የአንቲሞኒ ቅይጥ ነው። ቀልጦ በሚሽከረከር የጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ በቀላሉ እንዲላቀቅም ጎማው ላይ የታልክ ዱቄት ይነሰነሳል። ከሳጥኑ ስታወጡት ንጹሕ ቢመስላችሁም ዱቄትና የእጅ ቅባት ለብሷል። በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም የሚይዘው ቆሻሻውን እንጂ ብረቱን አይደለም። እኔም የተማርኩት የፕሮፔለር ጫፎችን ቢጫ ስቀባ ነው። የወረቀት ፕላስተሩን ሳነሣ ከሥሩ የነበረው ጥቁር ቀለም እንደ ቅጠል አብሮ ተነሣ። ጥፋቱን በፕላስተሩ ላይ ጥዬ በሌላ ደገምኩት፤ እንደገና ተላጠ። የሁለት ሳምንት ሥራ የጠፋው አምስት ደቂቃ ለማይፈጅ እጥበት ነው።

ለብ ባለ ውኃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ በደንብ አለቅልቁት፤ አድርቁት። ብዙዎች ግን መጀመሪያ ያጥቡና ከዚያ ይሞርዱታል፤ በላብ እጃቸው ሲያገላብጡት ውለውም ቀለም ይቀባሉ። እጥበቱ የሚመጣው ሞረዱ ካለቀ በኋላ ነው። ከታጠበ ወዲህ በወረንጦ ወይም በጓንት እንጂ በባዶ ጣት አይነካም። ቀጥሎ ለብረት የተሠራ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባ ቅብ፣ በስሱ ይቀባል፤ ሙሉ ቀን ይደር። በተለይ አክሪሊክ ቀለም ያለ ፕራይመር ባዶ ብረት ላይ አይጸናም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትሰሙኝ ከሌላው ሁሉ እመርጣለሁ።

ሞረዱን በተመለከተ፣ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ የሞረዱን ጥርስ ይሞላዋል፤ የተሞላ ሞረድ ደግሞ መቁረጡን ትቶ ይቧጭራል። ጥርሱን አስቀድማችሁ ጠመኔ ቀቡት፤ በየጊዜው በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ የሚተወውን መስመር ለማጥፋት ክብ እግርን በጠፍጣፋ ሞረድ ብቻ የሚፈገፍጉ ሰዎች አሉ፤ እግሩ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ትርፉን በሞረድ ካነሣችሁ በኋላ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አሳልፋችሁ፣ ጫማ እንደሚወለወል ወዲያና ወዲህ ጎትቱት። 400 ቁጥር፣ ከዚያ 600፣ መጨረሻ ላይ 1000።

የብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ አርሱት። እርሳስ መርዝ ነው፤ ዱቄቱ አየር ላይ መነሣት የለበትም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አትብሉ፣ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት የተሞረደውን ብናኝ በእርጥብ ወረቀት አንሥቶ መጣል እንጂ መጥረግ አይገባም።

የተጣመመ ክፍል ሲያጋጥማችሁ አትቸኩሉ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ፣ በጣት፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንዴ ብቻ መልሱት። ወዲያ ወዲህ የተጣጠፈ ነጭ ሜታል ይሰበራል። ከተሰበረም በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ ሰርስራችሁ የናስ ሽቦ አስገቡበትና በኢፖክሲ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ማጣበቂያ፣ አያይዙት፤ ከበፊቱ ይበረታል።

የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕላስቲክን አሟሙቶ ስለሚያያይዝ ብረት ላይ ምንም አይሠራም። ሱፐር ግሉ ለትናንሽ ዕቃዎች ይበቃል፤ ነገር ግን የጎን ምት አይችልም። የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደት የሚሸከም እግር የሚያያዘው በኢፖክሲ ነው፤ ደግሞም ቀስ ብሎ በሚደርቀው።

ብየዳ የሚወዱ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ፤ ቆርቆሮና እርሳስ ሲቀየጡ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ለኤሌክትሮኒክስ የምንጠቀምበት የብየዳ ብረት ግን ከ300 በላይ ይሞቃል። አንድ ጊዜ ከነጭ ሜታል የተሠራ የሞተር ሲሊንደር ልበይድ ስል ዐይኔ እያየ ጠብታ ሆኖ ቀረ። ለነጭ ሜታል የሚሆነው ቢስመዝ የሚባል ብረት ያለበት፣ በ70 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ልዩ መበየጃና ሙቀቱ የሚስተካከል ብረት ነው።

በማረፊያ እግሩ ላይ የሚያብረቀርቀውን፣ የማረፊያውን ምት የሚያለዝበውን ዘንግ ግን ባትቀቡት ደስ ይለኛል። በልሙጥ ብረት ደጋግማችሁ እሹት፤ የሚወጣውን ብርሃን የትኛውም የብር ቀለም አይሰጣችሁም። ከዚያ በስሱ ቫርኒሽ አልብሱት።

በመጨረሻ የማስቀመጫው ጉዳይ አለ። ከኦክ እንጨት የተሠራ ሣጥን፣ እንዲሁም እየደረቀ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት የሲሊኮን ማሸጊያ፣ አሲድ ያተናሉ፤ ያ አሲድ እርሳስን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ከሣጥን ያወጣሁት የአንድ አውሮፕላን እግር ቀለሙ ብቻ ቆሞ ውስጡ በጣቴ ተፍረከረከ። አዲስ የመስታወት ሣጥን ከገዛችሁ በሩን ከፍታችሁ አሽትቱት፤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ሽታው እስኪጠፋ ምንም አታስገቡበት።