ለዓመታት የወደዱት የፈረስ ግልቢያ ሲታክትዎት

ፈረስ መጋለብ በአዊ ሜዳዎች፣ በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ፣ እንዲሁም በቀሩት የጎጃም ደጋዎች ለብዙ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ፍቅር ነው። እንጀራ የሚበላበት ሥራ ስላልሆነ የሚያስገድደው የለም፤ የሚጋልበው ወዶ ነው። ይህን ያህል የተወደደ ነገር አንድ ወቅት ላይ ሲታክት፣ ኮርቻው ከተሰቀለበት ሳይወርድ ልብ ሲዝል፣ ፈረሰኛው ይደነግጣል። ደንግጦም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ስሜቱን ደብቆ ራሱን እያስገደደ ይቀጥላል፣ ወይ በአንድ የገበያ ቀን ፈረሱን ሸጦ ይገላገላል። ሁለቱም የችኮላ ውሳኔዎች ናቸው። እኔ የምመክረው አስቀድሞ አንድ ነገር መለየትን ነው፤ የታከተዎት ግልቢያው ራሱ ነው ወይስ ባለፉት ዓመታት በግልቢያው ላይ የተደራረበ ሌላ ሸክም? በአብዛኛው የሚገኘው ሁለተኛው ነው፤ ሸክሙ ተለይቶ ከታወቀ ደግሞ ፈረሱ ሳይሸጥ ሊወርድ ይችላል።

ለመለየት የሚረዳ አንድ መነሻ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ከሥራ ብዛትና ጫና የሚመጣን መታከት በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፤ እነዚህም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መመረር፣ እና «ከእኔ የሚረባ ነገር አይወጣም» የሚል ስሜት ናቸው። ድርጅቱ መግለጫውን ለመደበኛ ሥራ ብቻ ነው የወሰነው፤ ሦስቱ ምልክቶች ግን በትርፍ ጊዜው ለሚጋልብ ሰውም የሚያገለግሉ መጠየቂያዎች ናቸው። ከሦስቱ የትኛው አስቀድሞ እንደመጣ ያስታውሱ። ከሁሉ በፊት የመጣው ድካም ከሆነ የሚመረመረው የራስዎና የፈረሱ አካል ነው፤ ምሬት ከሆነ ውድድሩና ባልንጀርነቱ ነው፤ ችሎታዬ ቆሟል የሚለው ስሜት ከሆነ ደግሞ የልምምዱ ዓይነት ነው።

ምርመራውን ከፈረሱ ይጀምሩ። ይህን የማስቀድመው ብዙ ሰው «ሰለቸኝ» ሲል ፈረሱ ለወራት ሕመሙን ሲናገር ሰሚ ያጣ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ሕመም ያለበት ፈረስ ሲጫን ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጠፍሩ ሲጠብቅ ለመንከስ ይዞራል፣ በሶምሶማ እየሄደ ድንገት ይቆማል፣ በልጓሙ ላይ ራሱን ይወዘውዛል። ጋላቢው ይህን እንደ እልኸኝነት ቆጥሮ በኃይል ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግልቢያ ትግል ይሆናል፣ ትግልን ደግሞ ማንም ለረጅም ጊዜ ሊወደው አይችልም። ስለዚህ ከግልቢያ መልስ ኮርቻውን እንዳወረዱ ጀርባውን ይመልከቱ። ላብ ባራሰው ጀርባ ላይ በኮርቻው ሥር ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ ከመጠን በላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። መልኩ ሌላ በሆነ ጀርባ ላይ በኮርቻው ሥር ብቻ የበቀለ ነጭ ጠጉር የቆየ ጉዳት ምልክት ነው። ጣቶችዎን ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ እየጫኑ ከትከሻው እስከ ወገቡ ይውረዱ፤ ፈረሱ የሚሰቀጥጥበት ወይም የሚያጎነብስበት ቦታ ገጣባ፣ ማለትም የኮርቻ ቁስል፣ ሊወጣበት የተዘጋጀ ነው። ገጣባው ወጥቶ ከሆነ እስኪድን ድረስ ኮርቻ አይጫንም፤ ከግላሱ ሥር ጨርቅ ደርቦ መጋለብ ሕክምና አይደለም። አፉንም ይመልከቱ። ሲበላ ገብሱን ከአፉ የሚያንጠባጥብ፣ ሲለጎም ራሱን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ፈረስ ጥርሱ ስለት አውጥቶ ጉንጩን እያቆሰለው ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ዕድሜው 15 ዓመት ያለፈ ከሆነ ደግሞ የቀድሞውን ሽምጥ ከእርሱ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። በዚህ ምርመራ ብቻ መታከታቸው የለቀቃቸው ፈረሰኞች አሉ፤ ፈረሱ ሲያገግም የጠፋው ደስታ አብሮ ይመለሳልና።

ፈረሱ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ የሚታየው ውድድሩ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ጥር 23 ቀን የሚከበረው በዓል ከግል ጨዋታ የላቀ ትርጉም አለው፤ ፈረሶች በዓድዋ ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ ነው፣ ዕለቱም የዓድዋ ድል ከተገኘበት ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጋር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ይገናኛል። ይህን ክብር የሚቀንስ ምክር የለኝም። ነገር ግን በዓሉን ማክበርና በየዓመቱ በሽምጥም በጉግስም ለመቅደም መወዳደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። ብትስሉ እንሸልማችኋለን ተብለው የሳሉት ልጆች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ በራሱ ደስ ይል የነበረው ነገር የሽልማት መንገድ ሲሆን ደስታው ይሸረሸራል ማለት ነው። ፈረሰኛም በልጅነቱ ያለ ኮርቻ ሜዳ ላይ ሲጋልብ ማንም አይሸልመውም ነበር።

ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ውድድር ይተዉ፤ በዓሉን ግን አይተዉ። ፈረስዎን በግላሱና በጌጡ አስውበው ከወዳጆችዎ ጋር ይውጡ፣ በሰልፉ ይሂዱ፣ ወደ መሮጫው ግን አይግቡ። የማኅበሩ አለቆችና የዕድሜ እኩዮችዎ ሲጠይቁ ምክንያት መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ «ዘንድሮ ፈረሱንም ራሴንም ላሳርፍ ነው፤ በበዓሉ ግን አብሬያችሁ አለሁ» ማለት በቂ ነው። ይህን አስቀድሞ፣ ከተቻለ በኅዳር ውስጥ መናገር ይሻላል፤ ቡድኑ ሌላ ሰው እንዲያዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል፣ እርስዎንም በመጨረሻው ሰዓት ከሚመጣ ልመና ያድናል።

ውድድሩን መተው ከባድ ሆኖ ካገኙት ምክንያቱ ምናልባት ግልቢያ ከማንነትዎ ጋር ከሚገባው በላይ መጣበቁ ይሆናል። በእኛ አገር ይህ ሥሩ ጥልቅ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኛው ይባሉ እንደነበረው ሁሉ የፈረስ ስም የባለቤቱ ስም ነበር። ሮበርት ቫለራንድ የተባለው ካናዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሰው ለሚወደው ነገር ያለውን ጽኑ ፍቅር በሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ከቀረው ሕይወት ጋር ተስማምቶ የሚኖር፣ ሌላው ሰውየውን የሚገዛውና ሲቀርበት የሚያስጨንቀው ነው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሆን ብለው ሳይጋልቡ ይዋሉ። ዕረፍት ከተሰማዎት ድካም ነበረብዎት ማለት ነው። የጥፋተኝነት ስሜትና «ሰዎች ምን ይሉኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን የሚያደክምዎት የሰው ዓይን ነውና ለጥቂት ወራት ሰው በማይበዛበት ሰዓትና ሜዳ ብቻዎን ይጋልቡ፤ በስልክ መቀረጽንም ይተዉ።

ዕረፍት የሚያስፈልግዎት ከሆነ በቁርጥ ይውሰዱት። ለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ሽምጥ ለፈረሱ እግር አደገኛ ነው፣ ሣሩ ግን የተትረፈረፈ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ክራር ወይም መሰንቆ የሚወድ ሰው ሲታክተው መሣሪያውን ሰቅሎ መተው ይችላል፤ ፈረስ ግን ባለቤቱ ሲሰለችም ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ካልተንቀሳቀሰም ይታመማል። ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም የሆነ ፈረስ በቀን ወደ 5 ኪሎ ግራም ድርቆሽ ወይም በዚያው መጠን የሚመዛዘን ግጦሽና ሁልጊዜ ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል። ሥራ ሲያቆም ገብሱን መቀነስ ወይም ማቆም ይገባል፤ እየቆመ ብዙ እህል የሚበላ ፈረስ ጡንቻው ሊተሳሰር፣ ኮቴውም ሊታመም ይችላል። ማሰር አስፈላጊ ከሆነም ገመዱ ረጅም ይሁን። ራስዎ በየቀኑ መድረስ ካልቻሉ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት አንድ የሚታመን ወጣት ይፈልጉና ማን ያበላል፣ ማን ኮቴውን ያያል፣ ማን መጋለብ ይፈቀድለታል የሚለውን በግልጽ ተነጋገሩ። ወጣቱ ሽምጥ እንዳያስጋልበው ከፈለጉ አስቀድመው ይንገሩት፤ በኋላ የሚነሣው ቅሬታ ዝምድናንም ፈረስንም ይጎዳል።

በዕረፍቱ ወራት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሳይጭኑት ከፈረሱ ጋር መሆንን እመክራለሁ። ጠጉሩን ይጥረጉ፣ ጋማውን ያፍታቱ፣ በገመድ ይዘውት በእግር ይሂዱ። ምንም ግብ የሌለው ይህ ጊዜ ከሁሉም ይበልጥ የቆየውን ፍቅር የሚቀሰቅስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ፈረስን የወደድነው እረኛ ሆነን፣ ገና መውጣት ሳንችል ከአጠገቡ ስንቆም ነው።

አመላለሱ ቀስ ያለ ይሁን። ከአንድ ወር በላይ የቆመን ፈረስ ወዲያው ማስጋለብ ጅማቱን ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእርምጃ ብቻ ይሂዱ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አጫጭር ሶምሶማ ያስገቡ፤ ሽምጡ ከስድስተኛው ሳምንት በፊት ባይሆን ይመረጣል። ይህ ሥርዓት ለጋላቢውም ይጠቅማል። ገና መጋለብ እያሰኘዎት መውረድ በሚቀጥለው ቀን በፍላጎት ለመጫን ያስችላል፤ እስኪበቃዎት ከጋለቡ ግን የቀድሞው መታከት ቶሎ ይመለሳል።

ችሎታዬ ቆሟል የሚለው ስሜት ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ፍጥነትን ትቶ ሌላ ጥበብ መማር ይበጃል። ፈረሱን ዛቡን (የልጓሙን ማሰሪያ) ሳይጎትቱ በሰውነት ክብደት ብቻ ማቆም፣ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ኋላ ማስኬድ፣ በግራም በቀኝም እኩል ማዞር፣ ሁሉም በዝግታ የሚሠሩ ከባድ ትምህርቶች ናቸው፤ የጉግስ ጎበዝ የሆነ ሁሉ አይችላቸውም። ከእንጅባራ ብዙ ወደማይርቀው ዘንገና ሐይቅ ወይም ለዓመታት ወዳልሄዱበት ዘመድ ቤት የሚደረግ ረጅም የእርምጃ ጉዞም ሌላ ዓይነት ግልቢያ ነው። ለልጅ ማስተማርም እንዲሁ ጠቃሚ ነው፤ ጠቃሚነቱ ግን ልጁ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጠፋው የግልቢያ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ከልጆች ጋር መጫወት፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፣ መብላትና መተኛት ጭምር ከሆነ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ነገሩ የፈረስ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የድባቴ ሕመም እንዲህ ይጀምራል፤ ሐዘን ወይም የከበደ ጭንቀት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሳይታወቅ ይቆያል። «ለበዓሉ ጊዜ ይለቀዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ መታየት ያስፈልጋል፤ ሕክምና አለው። ባልንጀራዎ እንዲህ ሆኖ ካዩትም «ና እንጋልብ» ብለው አይጎትቱት፤ አብረውት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ፈረሱ ታክሞ፣ ውድድሩ ቀርቶ፣ ዕረፍቱ ተወስዶ፣ አመላለሱም በዝግታ ተሞክሮ ፍቅሩ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ ነውር አይደለም። ሙሉ ዓመት ጠብቀው ልብዎ ካልተመለሰ ፈረሱን ለሚገባው ሰው ማሳለፍ ለፈረሱም ይሻላል። ሽያጩን በገበያ ቀን ለቀረበው ሁሉ ከማድረግ ይልቅ ፈረስ መያዝ የሚያውቅ፣ ግጦሽ ያለው ሰው በማኅበሩ በኩል ማፈላለግ ተገቢ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ቢልም እኔ ይህን እመርጣለሁ። ለገዢው ስለ ፈረሱ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩት፤ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ በየትኛው ወገን መውጣትን እንደሚለምድ፣ የቆየ ገጣባ የት እንደነበረበት፣ በየትኛው ልጓም አፉ እንደሚረጋ። ኮርቻው ለጀርባው የተስማማ ከሆነም ከፈረሱ ጋር አብሮ ይሰጥ፤ በአዲስ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወጡት ቁስሎች ብዙዎቹ የሚመጡት ጀርባው ካልለመደው ኮርቻ ነው።