ቦርከና ሲጠቁር ለማን እንጻፍ? ለወሎ ሰፈሮች የሚሆን የአቤቱታ መንገድ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቡና ላይ ይህ ወሬ አይጠፋም። ወንዙ ጠቆረ። ከሰፈሩ ጀርባ ቆሻሻ ተደፋ። ጭሱ ልጆቹን እያሳላቸው ነው። በረካው ይጠጣና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ያው ወሬ ይነሳል። እኔ የምላችሁ ወሬው ወረቀት ላይ ይስፈር ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ አለ፣ ጉልበትም አለው፣ የሚጎድለው የሚጠይቅበት ሰው ነው።

መጀመሪያ ምን መብት እንዳላችሁ እወቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ይህን በሥራ ለማዋል ከወጡት ሕጎች ለእኛ ዋናው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ ደረሰበትም አልደረሰበትም፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ "አንተን ምን አገባህ?" የሚል ሰው ቢገጥማችሁ መልሱ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ከብት ባይኖራችሁም፣ መሬታችሁ ወንዙ ዳር ባይሆንም ያገባችኋል።

አቤቱታውን ብቻችሁን አትያዙት። ወሎ ውስጥ ቅሬ አለን። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይዞ የሚቀብር፣ ሰው የሚያምነው ማኅበር ነው። አንድ ሰው የጻፈውን ወረቀት "የግል ጠብ ነው" ብሎ መግፋት ቀላል ነው፤ በቅሬው ስብሰባ ተነቦ፣ ሰብሳቢው ፈርሞበትና አባላቱ ስማቸውን አስፍረውበት የመጣውን ግን መግፋት ይከብዳል። ወንዝን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ከራሳችሁ ሰፈር በታች ያሉትን ጨምሩ። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነስቶ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ይወርዳል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። ላይ የተለቀቀው ሁሉ ታች ያለው ገበሬ አትክልት ላይ፣ የጨፋ ከብት ሆድ ውስጥ ይገባል። ከብዙ ቀበሌ የመጣ ፊርማ ያለበት ወረቀት ችግሩ የአንድ ሰፈር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከመጻፋችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ስልክ በቂ ነው። ፍሳሹ የሚወጣበትን ቦታ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ንጹሕ ውሃና ከዚያ በታች ያለውን አንሱ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ዝናብ ሲጥል ይለቀቃል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የማየት ተራ ተከፋፈሉ። ውሃ በሃይላንድ ቀድታችሁ ብታመጡ ግን "ከየት አመጣችሁት?" የሚል ክርክር ያስነሳል። ናሙናውን ባለሙያ ራሱ እንዲወስድ ጠይቁ፣ ሲወስድም አብራችሁ ቁሙ። አዋጁ የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ቀድመው ሳያሳውቁና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳያስፈልጋቸው ወደ ማንኛውም ግቢ እንዲገቡ ይፈቅዳል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ስድብም ልመናም አይግባበት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"በሰፈራችን በሚያልፈው ወንዝ ላይ ከ____ (ቀኑ ይጻፍ) ጀምሮ ጠቆር ያለና የሚሸት ፍሳሽ ይለቀቃል። ከብቶቻችን ይጠጡታል፣ አትክልትም ይለማበታል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ተቆጣጣሪ ተልኮ እንዲያይ፣ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲነገረን፣ ብክለት ከተገኘ በካዩ እንዲያቆምና እንዲያጸዳ እንዲደረግ እንጠይቃለን።"

ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አድርጉት፣ በከተማችሁ ወይም በወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት በኩል ይግባ። ጉዳዩ የኢንዱስትሪ ፓርክን ወይም ትልቅ ፋብሪካን የሚመለከት ከሆነ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ግልባጭ ላኩ፤ ያለዚያ "የእኛ አይደለም፣ የእነሱ ነው" እየተባለ ወር ያልፋል። የፋብሪካ ከሆነ ደንብ ቁጥር 159/2001ን ጥቀሱ፤ ፋብሪካ የሚያወጣውን በካይ ነገር ራሱ እየተከታተለ መዝገብ መያዝ አለበት። መዝገቡ ይታይልን በሉ። የሰፈር ቆሻሻ ከሆነ ግን ጥያቄው ለከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ማንሳትና በአግባቡ ማስወገድ በዚያው በአዋጅ 300 የተጣለበት ግዴታ ነውና።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ወረቀቱን ለአንድ ሠራተኛ እጅ ሰጥታችሁ እንዳትመለሱ። መዝገብ ቤት ይግባ፣ እናንተ ጋ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት። ያ ቀን ነው ሰዓቱን የሚያስጀምረው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለፈበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። በቃል ብቻ "እሺ እናየዋለን" ተብላችሁ ስትጠብቁ 60ው ቀን ሊያልፍባችሁ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን የቅሬው ጸሐፊ መዝገብ ላይ አስጽፉ።

አንድ ፍርሃት አለ፣ እረዳዋለሁ። "ፋብሪካውን ብንከስ ልጆቻችን ሥራ ያጣሉ" ይባላል። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ እንጀራ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። የምትጠይቁት ግን ይዘጋ ሳይሆን ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ነው። ማጣሪያው ካለ ይሠራ፣ ከሌለ ይገንባ። በስብሰባው ላይ የፋብሪካው ሠራተኞች ይገኙ፣ እነሱም ያንኑ ወንዝ ተሻግረው ነው ቤታቸው የሚገቡት።

ገና ያልተሠራ ነገር ከሆነ ደግሞ በጣም ይቀላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ቄራ፣ የድንጋይ ወፍጮ ወይም ማንኛውም ፋብሪካ በአጠገባችሁ ሊቆም ነው ሲባል ከሰማችሁ፣ አጥሩ ሳይታጠር ሪፖርቱን ጠይቁ። ከተገነባ በኋላ ማስለወጥ ዓመታት ይወስዳል።

ፌስታልን በተመለከተ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የከለከለው ስሱን ብቻ ነበር፤ በ2017 የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን ፌስታልን ከልክሏል። ሰኞ ገበያ ስትወርዱ ዘንቢል ያዙ፣ በቃ።

ዛፍ ለመትከል የምታስቡም አላችሁ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቃል። ከመትከላችሁ በፊት ተራራው በማን ስም እንደሚሆን በወረቀት አስጨርሱ፣ ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አታድርሱ፣ ወይራና ዋንዛ ይሻላሉ።

ፍርድ ቤት መሄድ ከመጣ በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፣ ምክር ፈልጋችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ማህተም ያለበትን ኮፒ፣ ፎቶዎቹንና የቀን ደብተሩን በአንድ ክላሴር ያዙ፤ ኦርጅናሉን ግን ለማንም አትስጡ።