በሕያው ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በጨዋማ ውኃ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ሕያው ድንጋይ የሚባለው በአብዛኛው ከሞተ የኮራል አፅም የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበት የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ነው፤ ሕያው ያሰኘውም በላዩና በውስጡ የሰፈረው ፍጥረት፣ በተለይም ባክቴሪያው ነው። ባክቴሪያዎቹ ከዓሣ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ኦክስጅን በማይደርስበት የድንጋዩ ጥልቅ ክፍል የሚኖሩት ደግሞ ከናይትሬቱ ከፊሉን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል። በመሆኑም አልጌውን ለማስወገድ ሲባል ድንጋዩን በቧንቧ ውኃ ማጠብ ወይም በበረኪና መዘፍዘፍ የገንዳውን ዋና ማጣሪያ መግደል ነው። ብሩሽ ከማንሳትም በፊት የበቀለው ነገር ምን እንደሆነ በሚገባ መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱን የሚያጠፋው እርምጃ ሌላውን ያባብሳልና።

ሊፋቁ የማይገባቸው

ድንጋዩ ላይ የሚታየው ሐምራዊ ወይም ሮዝ፣ በጥፍር ሲፋቅ የማይለቅ ጠንካራ ቅርፊት ከሆነ ኮራላይን አልጌ ነው። ይህ የጤናማ ገንዳ ምልክት ስለሆነ ከመስታወቱ ላይ ካልሆነ በቀር አይነካም። በአዲስ ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ላይ እንደ አቧራ የሚነሰነሰው ቡናማ ነገር ደግሞ ዳያቶም የተባለ ረቂቅ አልጌ ሲሆን፣ በውኃው ውስጥ ያለውን ሲሊካ የተባለ ማዕድን እየተመገበ ያድግና ሲሊካው ሲያልቅበት በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። በቆየ ገንዳ ውስጥ ተመልሶ ከመጣ ግን ገንዳው ላይ የሚጨመረውን ውኃ የሚያጣራው መሣሪያ ሬዚን (በውኃው የሟሟውን ነገር የሚይዘው እንክብል) ማለቁን መጠርጠር ይገባል።

አረንጓዴ ፀጉር

ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህኛው ነው። ምልክቱ በድንጋዩ ላይ የሚወዛወዝ፣ ሲጎትቱት በጭብጥ የሚነቀል አረንጓዴ ፀጉር ሲሆን፣ ምክንያቱ የናይትሬትና የፎስፌት መብዛት ነው። እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ፦ ገንዳው በአልጌ ተሸፍኖ ሳለ የመመርመሪያው ውጤት ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው አልጌው ምግቡን ውኃው ውስጥ ሳይቆይ ስለሚወስደው ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ ውኃዬ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። መጠየቅ ያለበት ምግቡ ከየት እየገባ ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው የሚጨመረው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊካ ሊይዝ ስለሚችል በሪቨርስ ኦዝሞሲስ (ውኃን በረቂቅ ሽፋን ውስጥ ገፍቶ በሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና በሬዚን ተጣርቶ፣ የሟሟ ንጥረ ነገር መለኪያው ዜሮ ሲያነብ ብቻ ጨው ይበጠበጥበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አንባቢዎች የቧንቧው ውኃ ከባሕር ውኃ የተጣራ መሆኑ እንዳያዘናጋችሁ፤ ማዕድንና ክሎሪን ተጨምሮበት፣ በጣሪያ ላይ ታንከርና በቧንቧ ውስጥ ቆይቶ ነው ቤት የሚደርሰው። ቀጥሎ ምግቡ ይታያል፦ ዓሣው በጥቂት ደቂቃ ከሚጨርሰው በላይ አይሰጥ፤ በረዶ የሆነ ምግብም ቀልጦና ውኃው ተጥሎ ይግባ።

ሁለቱ ንጹሕ ሆነው አልጌው የማያቋርጥ ከሆነ ጥፋቱ የድንጋዩ የራሱ ሊሆን ይችላል። ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌትን አስሮ የማቆየት ባሕርይ ስላለው፣ ለዓመታት ፎስፌት በበዛበት ገንዳ የቆየ ድንጋይ ወደ ንጹሕ ውኃ ሲዛወር ያጠራቀመውን ቀስ በቀስ ይለቃል። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ድንጋይ አዲስ የተበጠበጠ ጨዋማ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከትንሽ ፓምፕና ማሞቂያ ጋር ብርሃን በሌለበት ለጥቂት ቀናት ማቆየትና በመጨረሻ ፎስፌቱን መለካት ይበቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ምንጩ ታውቋል ማለት ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። በውኃ ቅየራ ዕለት ከገንዳው የወጣውን ውኃ በባልዲ ይዞ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጡ እዚያው ውስጥ ፀጉሩን በእጅ መንቀል፣ ሥሩንም በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያም በሌላ ጨዋማ ውኃ አለቅልቆ መመለስ። ገንዳው ውስጥ እንዳለ መፋቅ ግን ብጣሹ ተበትኖ ሌላ ቦታ እንዲበቅል ያደርጋል። በብሩሽ እምቢ ባለው ቦታ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከገንዳው ውጭ ቀብቶ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ማለቅለቅ ይረዳል፤ ኮራልንና ሽሪምፕን ስለሚጎዳ ወደ ገንዳው ባይንጠባጠብ ይመረጣል። ቀሪውን ለግጦሽ እንስሳት መተው ነው። የትሮከስ ቀንድ አውጣ ሲገለበጥ ራሱን ስለሚያቃና አስትሪያ ከሚባለው ቀንድ አውጣ ይሻላል። ከቀይ ባሕር የሚመጣው ሐምራዊ ታንግ ብርቱ አልጌ በሊታ ቢሆንም፣ መዋኛ የሚፈልግ ዓሣ ስለሆነ ከ400 ሊትር ባነሰ ገንዳ ውስጥ ማስገባቱ በእንስሳው ላይ መፍረድ ነው። ረዥም ፀጉር የሚግጥ ቀንድ አውጣ ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ መንቀሉ አይቀርም። ፎስፌቱን በብረት ኦክሳይድ እንክብል በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች ማውረድ ይቻላል፤ በድንገት ከወረደ ግን ኮራሉ ይጎዳል።

ቀይ ምንጣፍ፣ አረንጓዴ ኳስና ቡናማ ዝልግልግ

እንደ ጨርቅ ተገፎ የሚነሣው ጥቁር ቀይ ሽፋን ሳያኖባክቴሪያ እንጂ አልጌ አይደለም። ውኃው በማይዘዋወርበትና ቆሻሻ በሚጠራቀምበት ቦታ ይበረታል፤ በቱቦ ስቦ ማውጣትና የፓምፑን አቅጣጫ ወደዚያ ማዞር ዋናው መፍትሔ ነው። አንጸባራቂው አረንጓዴ ኳስ ቫሎኒያ ነው፤ ድንጋዩን አውጥቶ ሳያፈርጡ ከሥሩ መፈንቀል ይሻላል።

ቡናማ፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግና የአየር አረፋ ያንጠለጠለ፣ ማታ ቀንሶ ቀን የሚመለስ ነገር ከታየ ግን ዳይኖፍላጀሌት የተባለ ረቂቅ ፍጥረት ነው፤ ቀንድ አውጣዎችም አብረው መሞት ከጀመሩ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ በሆኑበት ገንዳ ላይ ነው። ስለዚህ ለአረንጓዴው ፀጉር የተመከረው ሁሉ እዚህ ይገለበጣል፦ የፎስፌት ማስወገጃው ይውጣ፣ የውኃ ቅየራው ለጊዜው ይቁም፣ ናይትሬቱም ወደ 5፣ ፎስፌቱም ወደ 0.1 ሚሊግራም በሊትር እንዲጠጋ ምግብ ይጨመር።

ስለ እጅና ዓይን ጥንቃቄ

በድንጋዩ ላይ ፓሊቶዋ የሚባሉ፣ አዝራር የሚመስሉ ፍጥረታት ካሉ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ድንጋይን በፈላ ውኃ ማጽዳት የዚህን መርዝ ጠብታ ወደ አየር ስለሚያወጣ፣ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ድንጋይ ፈጽሞ አይቀቀልም። በሚፈገፈግበት ጊዜም ጓንትና መነጽር ይደረጋል፤ እጅ ላይ ቁስል ካለ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። በአንድ ቀንም ከድንጋዩ ሢሶ በላይ አይነካ፤ ከጽዳቱ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት አሞኒያ ይለካ፣ ከታየም ምግብ ተቀንሶ ውኃ ይቀየር።