የሰውንና የእንስሳትን አንጎል ስታወዳድሩ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። «የሰው ልጅ ከእንስሳት በምን በለጠ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍል የሚጽፍልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ትልቅ አንጎል ስላለው።» እናንተዬ፣ ይህን ማረም ሰለቸኝ!

እስቲ በሚዛን እንነጋገር። የሰው አንጎል 1.3 ወይም 1.4 ኪሎ ነው። የዝሆን 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪማ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ቡሬ ገበያ የምታዩት በሬ ናላው 400 ግራም አካባቢ ነው። የቺምፓንዚም እዚያው አካባቢ ነው። ቺምፓንዚ እንጨት ልጦ ምስጥ ያጠምድበታል። በሬ እንዲህ ሲያደርግ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ይህን ስል ፈጠን ያሉት ልጆች «ቲቸር፣ ከሰውነት ጋር ሲነጻጸር ማለታችን ነው» ይላሉ። እሱም አያዋጣም። የእኛ አንጎል የክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ነው። የቤት አይጥም ከዚህ ብዙ አትርቅም።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ስንት የነርቭ ሕዋስ አለ? የትኛው ክፍል ላይ ነው ያለው? ብራዚላዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ሱዛና ኸርኩላኖ-ሁዜል ይህን ለመቁጠር ያመጣችው ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። አንጎሉን ሳሙና መሰል ፈሳሽ ውስጥ ፈጭታ ሾርባ ታደርገዋለች። የሕዋሶቹ ሽፋን ይሟሟል፣ ኒውክለሶቹ (የሕዋሶቹ እምብርት) ግን ይተርፋሉ። በደንብ አማስላ አንዲት ጠብታ ትወስድና ማይክሮስኮፕ ሥር ትቆጥራለች። ከዚያ ለጠቅላላው ታሰላለች። በዚህ ዘዴ በ2009 በወጣው ጥናት የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ እንዳለው ታወቀ። አሁንም «100 ቢሊዮን» የምትጽፉ፣ ደብተራችሁን አስተካክሉ።

የአፍሪካ ዝሆን ሲቆጠር ደግሞ 257 ቢሊዮን ሆነ። የእኛን ሦስት እጥፍ! ግን 98 በመቶ የሚሆነው ያለው ከኋላ፣ እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው ሴሬቤለም ውስጥ ነው። ለማሰብና ለማቀድ ዋናው በሆነው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን፣ በኮርቴክስ ላይ የዝሆን 5.6 ቢሊዮን ሲሆን የሰው 16 ቢሊዮን ነው። ፈተና ላይ ይህችን ብቻ ብትጽፉልኝ ሙሉ ማርክ ትወስዳላችሁ።

«አሥር በመቶ አንጎላችንን ብቻ ነው የምንጠቀመው» የሚለውን አሳይመንት ላይ ካየሁ አላነብም። ውሸት ነው፣ አለቀ።

«ሰው የመጣው ከቺምፓንዚ ነው» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው። ሳይንሱ የሚለው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበረን፣ ከዚያ ተለያየን ነው። ቺምፓንዚ ወደ ሰውነት ሲጓዝ መንገድ ላይ የቀረ ፍጡር አይደለም። (የሃይማኖት ክርክሩን ለዕረፍት ሰዓት አቆዩልኝ። ያኔ እኔም አለሁበት።)

ወፎችን በተመለከተ፣ እንደ እኛ የተጣጠፈ ኮርቴክስ ስለሌላቸው ብቻ ደደብ ናቸው አትበሉ። የእነሱ የፊት አንጎል አሠራሩ ሌላ ነው፤ ሕዋሶቹ በጣም ተጠቅጥቀው ነው የተቀመጡት። እኛ ደጋ ላይ የምናውቀው ምንቃረ ወፍራም ቁራ በአውሮፓ አንድ ዘመድ አለው። የዚህ ዘመዱ አንጎል 14 ግራም ብቻ ነው፤ የነርቭ ሕዋሱ ግን ከ2 ቢሊዮን ይበልጣል።

አሁን ወደ ጅብ ልምጣ። ተረታችን ስሙን አጥፍቶታል። ጦጣ ታሞኘዋለች፣ ቀበሮ ታታልለዋለች፣ እሱ ሆዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ተማሪዬ «ጅብማ ከሆዱ በቀር ምን አለው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል። ተረቱ ተረት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ማስረጃ ሆኖ ሲመጣ ነው የሚያናድደኝ። በ2009 የታተመ አንድ ሙከራ እንዲህ ነበር። ሁለት ገመዶች ከላይ ተንጠልጥለዋል። በአንድ ጊዜ ካልተጎተቱ ምግቡ አይወርድም። ጥንድ ጥንድ ሆነው የገቡት ዥንጉርጉር ጅቦች ተባብሮ መጎተትን ማንም ሳያሠለጥናቸው ደረሱበት። ጉዳዩን የማያውቅ ጓደኛ ሲገባላቸው ደግሞ ልምድ ያላቸው አኳኋናቸውን ለእሱ አመቻቹ።

ወደ አንጎሉ ስንመጣ፣ ከጅብ ዘመዶች ሁሉ የፊት ክፍሉ በንጽጽር ትልቅ ሆኖ የተገኘው የዚሁ የዥንጉርጉሩ ነው። የሚኖረውም በብዙ አሥሮች በሚቆጠር መንጋ ውስጥ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነች መያዝ አለበት። ብዙ ተመራማሪዎች ሁለቱን ነገር ያገናኙታል። ተረታችን ውስጥ ግን ጅብ ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚመጣው!

የመጨረሻው፣ ለእንስሳ የሰው ፈተና መስጠት ነው። ውሻ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አያውቅም ብለን ዜሮ እንሰጠዋለን። ውሻ ግን ዓለምን በዋናነት የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ንብንም በሰው ፈተና መለካት እንዲሁ ስህተት ነው። ጎጃም የማር አገር ሆኖ፣ አንጎሏ አንድ ሚሊዮን የነርቭ ሕዋስ የማይሞላው ንብ ምን እንደምትሠራ የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። አበባ አግኝታ ስትመለስ ጨለማው ቀፎ ውስጥ፣ በቆመው የማር እንጀራ ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። የጭፈራው አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ በስንት ዲግሪ ፈቀቅ እንዳለ ይናገራል። የውዝዋዜው ርዝመት ደግሞ ርቀቱን ይናገራል። ይህን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 ኖቤል ተሸልሟል። ቤታችሁ ቀፎ ያላችሁ ልጆች ይህን ከእኔ ቀድማችሁ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር።