በቆጣሪ ላይ ያለን ትልቅ ቁጥር በእጅ እንዴት መተንተን ይቻላል

ኮዬ ፈጬ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ የውሃ ቆጣሪውን ክዳን ስትከፍቱ ጥቁሮቹ አኃዞች 00184፣ ቀያዮቹ 239 ቢሉ፣ ያለፈው ውሃ 184 ሜትር ኩብ ከ239 ሊትር ነው። በሊትር ብቻ ሲነበብ 184,239። ይህን ቁጥር እስከ መሠረቱ ለመፍታት፣ ማለትም ሲባዙ እሱን የሚሰጡትንና ከዚያ በላይ የማይከፋፈሉትን ቁጥሮች ለማግኘት፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ባለካሬ ደብተር ቢሆን ይመረጣል፤ አኃዞቹ ከመስመራቸው አይወጡም።

መጀመሪያ መጨረሻውን እዩ። 9 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። ቀጥሎ አኃዞቹን ደምሩ፦ 1+8+4+2+3+9=27። 27 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። 10፣ 100፣ 1,000 ሁሉም ለ9 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል፤ ድምሩ ብቻ የሚበቃው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለ3 ሁለቴ አካፍሉ፦ 61,413፣ ከዚያ 20,471። ስህተት የሚበዛው ሁለተኛው ላይ ነው። 6 ለ3 ሲካፈል 2 ይደርሳል፤ ቀጥሎ ያለው 1 ለ3 ስለማይበቃ 0 መጻፍ አለበት። ያ ዜሮ ከተዘለለ 2,471 ይመጣና የቀረው ሥራ ሁሉ ይበላሻል። በየደረጃው መልሳችሁ እያባዛችሁ አረጋግጡ።

20,471 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ለ11 ግን ከቀኝ ጀምሮ አንዱን መቀነስ፣ አንዱን መደመር ነው፦ 1−7+4−0+2=0። ዜሮ ወይም የ11 ብዜት ከመጣ ይካፈላል። ድርሻው 1,861።

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። 1,861 ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው መሆኑ በዓይን አይታወቅም። ትናንሾቹን አልፈናቸዋልና ከ11 ጀምራችሁ በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሞክሩ፦ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 2፣ 2፣ 8፣ 18፣ 21፣ 5፣ 1፣ 11፣ 16፣ 12 ናቸው። 31 ላይ የምትተርፈዋ 1 ብዙዎችን ታሳስታለች። 43 ላይ የምናቆመው 47×47=2,209 ከ1,861 ስለሚበልጥ ነው፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖረው ጥንዱን ከሞከርናቸው መካከል ባገኘነው ነበር።

እንግዲህ 184,239=3×3×11×1,861።

አካፋዮቹን ለመቁጠር መዘርዘር አያስፈልግም። 3ን አለመውሰድ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ መውሰድ ሦስት ምርጫ ነው፤ 11ና 1,861 ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት፣ ሁለት ምርጫ አላቸው። 3×2×2=12።

አሁን ቧንቧው ተከፍቶ አንድ ሊትር ይፍሰስ። 184,240=2×2×2×2×5×7×7×47፤ የአካፋዮቹ ብዛት 5×2×3×2=60! ሁለቱ ጎረቤታሞች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ለሁለቱም አካፋይ የሆነ ቁጥር ለልዩነታቸውም አካፋይ መሆን አለበት፣ ልዩነታቸው ደግሞ 1 ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ የመጀመሪያው 9,211 ጀሪካን ሞልቶ 19 ሊትር ይተርፈዋል፤ ሁለተኛው ልክ 9,212 ጀሪካን ይሞላል።