ሲቪው ገብቶ ስልኩ ዝም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ሥራ ሱቅ አለኝ። ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ስለማይርቅ ተመራቂው ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ጉርድ ፎቶ ይነሳል፣ ዶክመንት ኮፒ ያደርጋል፣ ሲቪ ያሠራል። ሁለት ወር ቆይቶ ይመጣና «ስንት ቦታ አስገባሁ፣ አንድም አልጠራኝ» ይላል። ስልክ ቁጥራችሁን ደግማችሁ እዩ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ያዙ የሚለውን እዚህ አልደግምም። እሱን ታውቃላችሁ።

ምልክት፦ ተፈላጊውን ታሟላላችሁ፤ በተለጠፈው የፈተና ዝርዝር ላይ ግን ስማችሁ የለም

በየጊዜው የማየው ይሄንን ነው። መንስኤው አንድ ሲቪ ለሁሉም ቦታ መበተን ነው። ለባንክም፣ ለቡና ላኪም፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤትም ያው ወረቀት ይሄዳል።

መልማዩ ፊቱ ክምር ወረቀት ነው ያለው። ማስታወቂያውን ከጎኑ አስቀምጦ መስመር በመስመር ያመሳክራል። የትምህርት ደረጃ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የልምድ ዓመት፣ የልምዱ ዓይነት። ያላገኘውን አይገምትላችሁም። ለምን ይገምታል?

አምና አንድ ልጅ መጣ። አካውንቲንግ ተመርቆ አጋሮ በኩል እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ማስታወቂያው «በሂሳብ ወይም በንብረት ሥራ 2 ዓመት» ይላል። ሲቪው ላይ ያለው «ቡና ጣቢያ፣ ሠራተኛ» ብቻ ነው። ከላይ ግን ግማሽ ገጽ «ትጉህ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» ሞልቶታል። ቁጭ በል አልኩት።

«እሸቱ ሲመጣ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«ሚዛኑ ጋ ቆሜ ኪሎውን እመዘግባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ለገበሬው ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ማታ የተከፈለውን ከካዝናው ጋር አመሳክራለሁ። ጆንያና ናፍታም በእኔ ፊርማ ነው የሚወጣው።»

እግዚኦ! ይሄ ሁሉ «ሠራተኛ» በሚል አንድ ቃል ተቀብሮ ነበር። እንዲህ ጻፍነው፦ «የእሸት ቡና ግዥ መመዝገብ፤ ደረሰኝ መቁረጥ፤ የዕለቱን ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ ጋር ማመሳከር፤ የጆንያና የነዳጅ ገቢና ወጪ መያዝ።» ግማሽ ገጹን ትጋት ሰረዝነው።

ሥራው ግን እዚህ አላለቀም። የልምድ ማስረጃውም «ሠራተኛ» ነው የሚለው። ሲቪና ማስረጃ ካልተስማሙ የሚታመነው ማስረጃው ነው። ስለዚህ አጋሮ ተመልሶ የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ፣ ደመወዙንና የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ መጣ። በሚቀጥለው ማስታወቂያ ለፈተና ተጠራ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ማስታወቂያውን ፎቶ አንሱና አትሙት። «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር እያንዳንዱን ነገር አስምሩበት። ትይዩው ላይ ያላችሁን ማስረጃ ጻፉ። ሲቪው ላይ የማስታወቂያውን ቃል ተጠቀሙ፤ «ንብረት አስተዳደር» ካለ እናንተ «ስቶር» አትበሉ። ለቦታው የሚሆነውን ልምድ ወደ ላይ አውጡ፣ የማይገናኘውን አሳጥሩ። «እና» ያለውን «ወይም» ብላችሁ አታንብቡ፤ «እና» ሁለቱንም ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስተካከል ሌላ፣ መፍጠር ሌላ። ያልሠራችሁትን ጻፍልን ስትሉኝ «መብራት ሄዷል» እላለሁ። ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል ነው፤ የሚጣራው ደግሞ ከተቀጠራችሁ በኋላም ነው።

ምልክት፦ ልምድ እያላችሁ «0 ዓመት» ተባላችሁ

ጥፋቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲግሪው ላይ ያለው በፈረንጅ ነው፣ የልምድ ደብዳቤው በእኛ። አንዱ ደንበኛዬ «የተመረቅሁት 2021፤ የሠራሁት ከ2014 እስከ 2016» ብሎ አስገብቷል። ላነበበው ሰው ሳይመረቅ የሠራ ነው። ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ» ስለሚል ዜሮ ሆነ። እውነቱ ግን ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ሠርቷል፤ ሁለት ዓመት ከ10 ወር።

ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡና የትኛው እንደሆነ ጻፉበት። ከፈረንጁ ዓመት 8 መቀነስ ብቻውን አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ወሩንም ጻፉ። ዓመት ብቻ ከጻፋችሁ የሚቆጥረው ሰው እንደፈለገ ይቆጥራል።

ምልክት፦ ሲቪው ተከፈተ፣ ሰው ሳቀ

ከቴሌግራም የወረደ ዝግጁ ሲቪ ነው። ባለ ቀለም፣ ባለ ኮከብ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ በአምስት ኮከብ! ኮከብ የሚቆጥር መልማይ አላየሁም። ይባስ ብሎ የሌላ ሰው ሲቪ ላይ ስም ቀይሮ የሚያስገባ አለ። አንዲት ነርስ «ጾታ፦ ወንድ» የሚል ሲቪ ስንት ቦታ አስገብታ ነው እኔ ጋ የመጣችው። የጓደኛዋ ነበር። ትርፍ ጊዜዬን እግር ኳስ በማየት አሳልፋለሁ የሚለውም የእሱ ነው።

ምልክት፦ አማርኛው ድሪቶ ሆኖ ተከፈተ

ፓወር ግእዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ተጽፎ በወርድ ተልኳል። ኒያላን በመሰለ ዩኒኮድ ፊደል ጻፉና ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ስማችሁ በዲግሪውና በመታወቂያው ላይ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ ሲቪውን በዲግሪው ጻፉ፣ መታወቂያውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ ማስታወቂያው ከጠየቀ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁን አያይዙ። የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ያላችሁ ሲኦሲውን (የብቃት ማረጋገጫውን) አትርሱ።

አፋን ኦሮሞ «በጣም ጥሩ» ብላችሁ የምትጽፉ፣ እዚህ ከተማ ቃለ መጠይቁ በዚያው ቋንቋ ሊጀመር ይችላል። ችሎታችሁ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ከማለት የማያልፍ ከሆነ «መካከለኛ» ብሎ መጻፍም ይከብዳል።

«10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው፣ እናንተ ካያችሁበት ቀን አይደለም። በመጨረሻው ቀን 11 ሰዓት ላይ ፍላሽ ይዞ እየሮጠ የሚመጣ አይጠፋም። ፍላሹ ደግሞ ሁልጊዜ ቫይረስ አለበት።