ከቲ ሴል የተሰወረ የካንሰር ህዋስን እንዴት እንፈትሽ?

ቲ ሴል የታመሙ ህዋሳትን ለይቶ የሚገድል የሰውነት መከላከያ ህዋስ ነው። አንድ የካንሰር ህዋስ «ቲ ሴል አያየውም» ተብሎ ሲተው ቅር ይለኛል። መጀመሪያ የተበላሸው ምኑ እንደሆነ ይለይ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራው እንዲህ ነው።

በህዋሱ ገጽ ላይ ያለውን ኤችኤልኤ ክላስ 1 (ፔፕታይድ የሚባሉ የፕሮቲን ቁራጮችን ለቲ ሴል የሚያሳየውን ሞለኪውል) ደብሊው 6/32 በሚባለው አንቲቦዲ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ህዋሳትን አንድ በአንድ በብርሃን በሚመረምር መሣሪያ) እለካለሁ። ዝቅ ካለ ኢንተርፌሮን ጋማ (ቲ ሴል ሲነቃ የሚለቀው፣ ኤችኤልኤን የሚያበዛ ፕሮቲን) ጨምሬ 48 ሰዓት አቆየዋለሁ። ከተመለሰ ጂኖቹ ተኝተው ነበር እንጂ አልጠፉም። የተለመደው ቲ ሴል እንደገና ሊያየው ይችላል።

ካልተመለሰስ? ጭራሽ ምንም ካልታየ ኤችኤልኤን የሚደግፈውን ፕሮቲን፣ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊንን (ባጭሩ ቤታ-2) ጠርጥሩ። ጥቂት ከቀረ ግን ፔፕታይዶችን ለኤችኤልኤ የሚያቀብለውን ፕሮቲን፣ ታፕን። ለማረጋገጥ ህዋሱን በ26 ዲግሪ አሳድሩት። ታፕ የሌለው ህዋስ ፔፕታይድ ያልያዘ ባዶ ኤችኤልኤ ያወጣል፤ በ37 ዲግሪ ቶሎ የሚፈርሰው በቅዝቃዜው ይቆያል። ቲ2 የሚባለው የህዋስ ዘር ታፕ ስለሌለው ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ታፕ ፔፕታይዶች ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ኤችኤልኤ ወደሚገጣጠምበት የህዋሱ ክፍል) የሚገቡበት ዋና በር ነው። በሩ ቢዘጋም እዚያው ውስጥ የሚቆረጡ ፔፕታይዶች አሉ፤ በተለይ ከፕሮቲኖች መነሻ ጫፍ ላይ የሚወጡት። በጤነኛ ህዋስ ላይ በታፕ የሚገቡት ሌሎቹ ቦታውን ስለሚይዙባቸው እምብዛም አይታዩም። ታፕ ሲጠፋ ብቅ ይላሉ። የላይደን ተመራማሪዎች በ2018 ኤልአርፒኤፒ1 ከተባለ ፕሮቲን የሚወጣ እንዲህ ያለ ፔፕታይድ ኤችኤልኤ ኤ2 በተባለው የኤችኤልኤ ዓይነት ላይ አግኝተዋል። ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) የለበትም፤ ስለዚህ የብዙ ሰው ዕጢ ሊጋራው ይችላል። የሚያውቁት ቲ ሴሎችም በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አሉ።

ቲ ሴላችሁ ከእነዚህ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? አንዱን ህዋስ በአራት መልክ አዘጋጁ፦ እንዳለ፣ ታፕ1 (ከታፕ ጂኖች አንዱ) ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ የጠፋበት፣ ጠፍቶ የተመለሰለት፣ ታፕ1ም ቤታ-2ም የጠፋበት። ከቲ ሴሉ ጋር አሳድራችሁ ኢንተርፌሮን ጋማ ለኩ። ሁለተኛው ላይ ብቻ ከጮኸ፣ ማለትም ኢንተርፌሮን ከለቀቀ፣ ትክክለኛው ነው። ታፕ ሲመለስ ዝም ማለቱን ሳላይ እኔ አላምንም። ቀድሞ ኢንተርፌሮን የጨመራችሁበት ህዋስ ካለ ደግሞ በደንብ እጠቡት፤ አለዚያ የምትለኩት ራሳችሁ የጨመራችሁትን ይሆናል።

ቤታ-2 ከጠፋ ይህም መንገድ የለም። ያኔ ኤችኤልኤ ሳያዩም መግደል ወደሚችሉት የመከላከያ ህዋሳት፣ ወደ ኤንኬ ሴልና ወደ ጋማ ዴልታ ቲ ሴል ዙሩ። በ2023 የወጣ ጥናት ቤታ-2 የጠፋባቸው አንዳንድ የትልቁ አንጀት ዕጢዎች ለኢሚውኖቴራፒ (የመከላከያ ህዋሳትን ለሚያነቃቃ ሕክምና) ምላሽ ሲሰጡ ጋማ ዴልታዎቹ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ናሙናውን ከመጣላችሁ በፊት ከእነሱ ጋር አንድ ሌሊት አሳድሩት።